ለልጆች ሥዕልና የእጅ ሥራ ምን እንግዛ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለብዙ ዓመት ኬጂ አስተምሬያለሁ። አሁን የራሴን ሁለት ልጆች እያሳደግኩ ነው። ወላጆች ስለ ከለር፣ ስለ ወረቀትና ስለ ኮላ ሲጠይቁኝ ጥያቄው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ «የቱ ይሻላል?» ይሉኛል። የእኔም መልስ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ ለብዙ ነገር የሚሆነው ይሻላል። ዛሬ ቤት፣ ነገ መኪና፣ ከነገ ወዲያ ዘውድ የሚሆነው። በተደጋጋሚ የሚደርሱኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

«ለብዙ ነገር የሚሆን» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሁለት ስጦታ አስቡ። አንደኛው ቢራቢሮ የታተመበት፣ ቁጥር እየተከተሉ ቀለም የሚሞሉበት ሳጥን ነው። ልጁ ሞልቶ ሲጨርስ ጨዋታውም አለቀ። ሁለተኛው ነጭ ወረቀት፣ ጥቂት ክሬየን (የሰም ከለር) እና አንድ ባዶ ካርቶን ነው። እሱ ቶሎ አያልቅም። ካርቶኑ ሰኞ ሱቅ ይሆናል፣ ማክሰኞ ላዳ ታክሲ ይሆናል፣ ረቡዕ ድመቷ ትተኛበታለች።

ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ልጄ በዚህ ስንት የተለያየ ነገር መሥራት ይችላል? መልሱ «አንድ» ከሆነ ባትገዙት ይሻላል። ቀጥሎ ደግሞ፦ ትልቁም ትንሹም አብረው ሊጫወቱበት ይችላሉ? ለታላቅ አንድ፣ ለታናሽ ሌላ እየገዙ መዝለቅ ከባድ ነው።

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከወንዝ ዳር ጭቃ አንስቶ በሬ ይሠራል። ቀንድ ያወጣለታል፣ ከእንጨት ስባሪ ቀንበር ያደርግለታል። ሲሰለቸው አፍርሶ ጎጆ ያደርገዋል። ጭቃው ያው ነው። መመሪያ ወረቀትም አልነበረውም።

ገንዘቤ ትንሽ ነው። መጀመሪያ ምን ልግዛ?

መጀመሪያ ወረቀት። ብዙ ሰው ከለሩ ላይ ገንዘቡን ይጨርስና ወረቀት ይቆጥባል። ልጅ ደግሞ «ወረቀት አታባክን» ሲባል እጁ ይታሰራል። አንድ ደስታ ወረቀት 500 ቅጠል አለው። ልጃችሁ በቀን አንድ ቢጠቀም ከአንድ ዓመት በላይ ያስኬደዋል። በጀርባውም ካሣለበት ደግሞ እጥፍ ነው።

ቀጥሎ ክሬየን። ቀጥሎ ደረቅ የውሃ ቀለም (ያ በትንንሽ ክብ ጉድጓድ የሚደረደረው) እና ሁለት ብሩሽ፤ አንድ ወፍራም፣ አንድ ቀጭን። ከዚያ ነጭ ኮላ፣ ጫፉ ደነዝ የሆነ መቀስ፣ እና በእጅ የሚቀደድ የወረቀት ፕላስተር። ከሁሉም በላይ የምወደው ፕላስተሩን ነው። ልጅ ሁለት ነገር ማያያዝ ከቻለ ሌላውን ራሱ ያመጣዋል። ኮላ እስኪደርቅ መጠበቅ ለአራት ዓመት ልጅ ዘላለም ነው፤ ፕላስተር ግን ወዲያው ይይዛል።

ይኸው ነው። ሁሉም ተጠቃልሎ አንድ ትንሽ ሳፋ ውስጥ ይገባል። እውነትም ሳፋ ተጠቀሙ። ኮንዶሚኒየም ለምንኖር ሰዎች ከአልጋ ሥር ስቦ ማውጣትና መልሶ መግፋት ትልቅ ነገር ነው።

አዲስ አበባ ላይ ከሆናችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ መርካቶ ሄዳችሁ በደርዘን ብትገዙና ብትካፈሉ ይረክሳል። ማተሚያ ቤቶች ከጠርዝ የሚቆርጡትን ወረቀት ብዙ ጊዜ ይጥሉታል። ጠይቁ። ረጅም ቀጫጭን ወረቀት ነው፤ ልጆች እባብና አክሊል ይሠሩበታል።

ባለ 8 ከለር ወይስ ባለ 48?

ባለ 8። ክራዮላ የተባለው የአሜሪካ ክሬየን አምራች እ.ኤ.አ. በ1903 ለመጀመሪያ ጊዜ ክሬየን ሲሸጥ ሳጥኑ 8 ቀለም ነበረው፤ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ወይን ጠጅ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫና አረንጓዴ። ዛሬም ለመጀመሪያ ይበቃል።

ብዙ ርካሽ ቀለም ከመግዛት ጥቂት ጥሩ ቀለም መግዛት ይሻላል። ርካሹን የምታውቁት ስትጫኑት ነው። ሰሙ ይበዛና ወረቀቱ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ቀለም አይሰጥም። ልጁ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። የሚቻል ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ሞክሩት።

በብሩሽ የሚቀባ ቀለም ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ። ጥቁር ቢኖር ጥሩ ነው፣ ባይኖርም ይቻላል። ቢጫና ሰማያዊ ሲቀላቀል አረንጓዴ ሲሆን ያየች የአራት ዓመት ልጅ ፊት ላይ የሚታየውን ነገር ለዓመታት አይቻለሁ፤ ዛሬም አልሰለቸኝም። አረንጓዴውን ገዝተን ብንሰጣት ያን አታገኘውም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ቀዩ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ከሆነ ከሰማያዊ ጋር ወይን ጠጅ ሳይሆን ቡኒ ነገር ይወጣዋል። ልጁ ተሳስቶ አይደለም፣ ቀዩ ነው።

ነጩን ትልቅ ግዙ። ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው።

ልጄ ራሷን ስትሥል ፊቷን ሮዝ ታደርገዋለች። ምን ላድርግ?

ይህ ጥያቄ ከአዲስ አበባም ከዋሽንግተንም ይመጣል። እኔንም ሁሌ ልቤን ይነካኛል።

መጀመሪያ ሳጥኑን እዩት። ብዙ ሳጥን ውስጥ «የቆዳ ቀለም» ተብሎ የሚታሰበው ያ ፈዛዛ ሮዝ ነው። ክራዮላ ራሱ ያንን ቀለም በእንግሊዝኛ «ሥጋ» ይለው ነበር። ስሙን ወደ «ኮክ» የቀየረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የተለያየ የሰው ቆዳ መልክ ያላቸው 24 ክሬየኖች አወጣ። ውጭ አገር ያላችሁ ብታገኙት ጥሩ ነው።

ካላገኛችሁት አብራችሁ ቀላቅሉት። ቀይና ቢጫ እኩል፣ ሰማያዊ በጣም ትንሽ፣ ቡናማ ይወጣል። ነጭ ጨምሩበት፣ ይቀላል። ቢጫ ጨምሩበት፣ ወርቃማ ይሆናል። እጃችሁን አጠገቡ አስቀምጡና አስተያዩት። የእናቷ እጅ፣ የአባቷ እጅ፣ የራሷ እጅ። «ጠይም»፣ «ቀይ ዳማ»፣ «የቀይ ዳማ ጠይም» የሚሉ ቃላት እኛ ጋ አሉ፤ ለልጆቻችን በቀለም እናሳያቸው። «ተሳስተሻል፣ አንቺ ሮዝ አይደለሽም» ብሎ ማረም ግን አያስፈልግም። ቀለሙን አጠገቧ ማድረግ ይበቃል።

በስንት ዓመቱ ምን ይሰጠው?

ከዓመት ከመንፈቅ ገደማ ጀምሮ ልጅ ይሞነጫጭራል። የሚይዘው በጭብጡ ነው፤ ስለዚህ ወፍራም ክሬየንና ትልቅ ወረቀት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር ለጥፉለት፣ አለዚያ እየሸሸ ያናድደዋል።

ሦስት ዓመት ሲሞላው ገደማ ክብ ይሥላል። ብዙም ሳይቆይ ክቡ ዓይን ያወጣል፣ ከሥሩ ሁለት እግር ይበቅልለታል። ሆድ የለውም፣ አንገት የለውም። «ልጄ ምን ሆኖ ነው?» ብለው የጠየቁኝ አባት ነበሩ። ምንም አልሆነም። ልጆች ሰውን መሣል የሚጀምሩት እንዲህ ነው። አራት ዓመት አካባቢ አራት ማዕዘን፣ አምስት አካባቢ ሦስት ማዕዘን ይመጣል። ያን ጊዜ የቤቱ ጣሪያ በደንብ ይቆማል።

መቀስም ከሦስት ዓመት ጀምሮ፣ እናንተ አጠገቡ ሆናችሁ። ጫፉ ደነዝ ይሁን፣ ስለቱ ግን ብረት ይሁን። ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ የሆነው አይቆርጥም፣ ወረቀት ያጥፋል።

ክሬየኑ ሲሰበር አትቆጡ። ስባሪው አጭር ስለሆነ በጣት ጫፍ ካልተያዘ አይያዝም። ይህ በኋላ እርሳስ ለመያዝ ይጠቅማል። እኔ ክፍል ውስጥ ሆን ብዬ እሰብረው ነበር።

ግራኝ ልጅ ካላችሁ ደግሞ የግራኝ መቀስ ፈልጉለት። ተራው መቀስ በግራ እጅ ሲያዝ ስለቶቹ ይላቀቃሉ፣ ወረቀቱም በመሃል ይገባል። እባካችሁ እጁን አታስቀይሩት።

ቀለሙ ለጤና ጉዳት እንደሌለው በምን አውቃለሁ?

አሜሪካ ያላችሁ ክብ ውስጥ «ኤፒ» (AP) የሚል ማኅተም ፈልጉ። መርዛማ እንዳልሆነ የተገመገመ ነው። «ኤኤስቲኤም ዲ-4236» (ASTM D-4236) የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። እሱ የሚለው ከጊዜ በኋላ ለሚመጣ የጤና ጉዳት የሚያስፈልገው ማስጠንቀቂያ በደንቡ መሠረት ተጽፏል ነው እንጂ ለልጅ ይሆናል አይደለም። ማሸጊያው ላይ ማስጠንቀቂያ ካለ ለልጅ አትግዙት። አውሮፓ ከሆናችሁ «ሲኢ» (CE) እና «ኢኤን 71» (EN 71) የሚለውን እዩ። የሕፃን ፊትና «0-3» ተጽፎ በቀይ ከተሰረዘ ከሦስት ዓመት በታች አይሰጥም።

አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ የሚገኘው ዕቃ ብዙው እንዲህ ያለ ጽሑፍ የለውም። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ክዳኑን ከፍቼ አሸታለሁ። አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ ካለው እመልሰዋለሁ። ማርከር (ብዙዎቻችን ፓርከር የምንለው) በውሃ የሚለቀውን እመርጣለሁ። ስምም አድራሻም የሌለው ዱቄት ቀለም አልገዛም፤ ሲበጠበጥ ብናኙ ሳንባ ይገባል።

ፈጽሞ መሰጠት የሌለበት ነገር አለ?

አለ። ማስቲሽ። ለጫማ ይሁን፣ ለካርቶን ይሁን፣ ለትምህርት ቤት ሥራ ይሁን፣ ልጅ እጅ አይግባ። ትነቱ አእምሮን ይጎዳል። ጎዳና ላይ ስንት ልጅ እንደጎዳ ሁላችንም እያየን ነው። ሱፐር ግሉ፣ ቲነርና አኳራጅም እንዲሁ። ቤት ተቀብቶ በቆርቆሮ የተረፈውን ቀለም «ይጫወቱበት» ብሎ መስጠትም ልማድ ነው። የግድግዳና የብረት ቀለም ለልጅ ቆዳና አፍ አልተሠራም፤ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበትም ይኖራል።

ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ካለ በሶፍት ካርቶን ቀዳዳ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ሊያንቀው ይችላል። አዝራር፣ ዶቃ፣ ባቄላ፣ ቆርኪም ሳይቀር ያልፋል። ውሃ ውስጥ ሲገቡ የሚያብጡት ባለ ቀለም ኳሶች፣ ትንንሽ ማግኔትና የሰዓት ባትሪ ደግሞ ለታላላቆቹም ቢሆን ቤት አይግቡ። ከተዋጡ ሆድ ውስጥ ከባድ ጉዳት ያደርሳሉ። ልጅ ከነዚህ አንዱን ከዋጠ ነገ እናያለን አይባልም፣ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት።

ቤት ውስጥ ያለ ነገር አይበቃም?

ለብዙ ነገር ይበቃል። የእንቁላል ካርቶን፣ የሶፍት ካርቶን፣ የጫማ ሳጥን፣ የአሮጌ ደብተር ሽፋን። ልብስ ሰፊ ጋ ያለ ቁርጥራጭ ጨርቅ። እንጨት ሥራ ቤት ያለ ስባሪ፣ በብርጭቆ ወረቀት ከተፈተገ። ቆርኪ ለታላላቆቹ፤ አንደኛ ክፍል ስንገባ መቁጠር የተማርነው በቆርኪ አይደል? ጠርዙን ግን መጀመሪያ በጣታችሁ ፈትሹት።

አያት ያለችበት ቤት ከሆነ ስንደዶና አክርማ ጠይቋት። ሰፌድ ባይሰፋም ልጅ ይጠመዝዘዋል፣ ያስረዋል፣ ሰው ይሠራበታል። በዚያውም ከአያቱ ጋር ቁጭ ይላል። ከሰል ደግሞ ምርጥ መሣያ ነው፤ እጅና ልብስ ማጥቆሩን ከቻላችሁት።

በበርበሬ ግን ቀለም አትሥሩ። ዓይን አለ።

የመጫወቻ ሊጥ እንዴት ይሠራል?

ሁለት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ ሁለት ኩባያ ውሃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ። ብረት ድስት ውስጥ በጥብጡትና በቀስታ እሳት ላይ አማስሉት። መጀመሪያ ይንቦጫረቃል፣ ከዚያ ይጓጉላል፣ በመጨረሻ ከድስቱ ተላቆ አንድ ላይ ይሰበሰባል። ያን ጊዜ አውርዱት። ሲቀዘቅዝ እሹት። እርድ ብትጨምሩበት የሚያምር ቢጫ ይወጣዋል። እቃው በደንብ ከተከደነ ለሳምንታት ይቆያል። ሽታው ሲቀየር ጣሉት።

ጨው ስለበዛበት አይበላም። ቀመስ ቢያደርጉት ምራቃቸውን ይተፋሉ፤ በብዛት እንዳይውጡት ግን ተጠንቀቁ። ውሻ ካላችሁ ከእሱም አርቁት።

ፕሌይ-ዶ የሚባለው የፋብሪካ ሊጥ መጀመሪያ የግድግዳ ወረቀት ማጽጃ ነበር። መጫወቻ ሆኖ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ለብዙ ነገር የሚሆን ዕቃ እንዲህ ነው፤ ሥራውን ቀይሮም ይኖራል።

በዱቄት መጫወት ነውር አይደለም? እናቴ ተቆጣችኝ።

የእኔም እናት ተቆጥታኛለች። «እህል ላይ ይጫወታል እንዴ!» አለችኝ። ልክ ናት ብዬ አስባለሁ። እህል ክቡር ነው። ጎረቤት ዱቄት ያጣ ሰው እያለ ልጅ በዱቄት ሲጫወት ማየት ለብዙ ሰው ያማል። እኛ ቤት የደረስንበት ስምምነት ይህ ነው፦ ለመጫወቻ የሚውለው የነቀዘ፣ ለምግብ የማይሆን ዱቄት ብቻ ነው፤ ነፍቼ አጸዳዋለሁ። ከሌለ ጭቃ አለ። ከጓሮ የወጣ ንጹሕ ሸክላማ አፈር፣ ጠጠሩ ተለቅሞ፣ በውሃ ታሽቶ። ከሊጥም በላይ ቅርጽ ይይዛል። ሲጨርሱ እጅ በሳሙና ማስታጠብ ብቻ አትርሱ።

ግድግዳዬን ጨረሰው!

ክሬየን ከሆነ ቤኪንግ ሶዳ በእርጥብ ጨርቅ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ እሹት። መጀመሪያ ከበር ጀርባ ሞክሩ፤ የግድግዳውን ቀለም እንዳያነሳው። ቋሚ ማርከር ከሆነ አልኮል ይሞከራል፣ ሙሉ በሙሉ ላይለቅ ይችላል። ስለዚህ ቋሚ ማርከር ከሳፋው ውስጥ አይኑር።

ከመከልከል ቦታ መስጠት ይሻላል። አንድ ትልቅ ካርቶን ዘርግታችሁ በእሱ ቁመት ለጥፉለት። በረንዳው ላይ ጠመኔ ስጡት፤ በአንድ ጆግ ውሃ ይለቃል። የአባቱን አሮጌ ሸሚዝ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጋችሁ አልብሱት።

የሚቀባ መጽሐፍ መጥፎ ነው?

መጥፎ አይደለም። ያረጋጋል፣ እጅንም ያለማምዳል። ብቻውን ሲሆን ነው የሚያንሰው።

ከውጭ ስመጣ ለወንድሜ ልጆች ምን ላምጣ?

ቀላልና የማይፈስ። ደረቅ የውሃ ቀለም፣ ጥሩ ብሩሽ፣ ደነዝ መቀስ፣ ኦይል ፓስቴል (ቅባት ያለው ለስላሳ ከለር)። ፈሳሽ ቀለም ሻንጣ ውስጥ ከፈሰሰ ጉዱ ብዙ ነው። ወረቀት አታምጡ፣ ይከብዳል፤ እዚሁ ይገዛል። አሜሪካ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ በሐምሌና ነሐሴ፣ ክሬየንና ማርከር ይረክሳል። የዓመቱን ያን ጊዜ ግዙ።

ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ክሬየን መኪና ውስጥ አትተዉ። ይቀልጥና ወንበሩ ላይ ይቀራል።

ፊደል ላስተምርበት እችላለሁ?

ውጭ አገር ያሉ ወላጆች ይህን በጣም ይጠይቁኛል። በደንብ ይቻላል። ጭቃውን ወይም ሊጡን እንደ ገመድ አንከባሉና «ሀ»ን ሥሩ። ከዚያ «ለ»፣ ሁለት እግር። «ሉ» ሲሆን እግሩ ላይ ምን እንደተጨመረ ልጁ በጣቱ ይነካዋል። በዓይኑ ብቻ ከሚያየው ይልቅ ይይዘዋል።

ግን ሁሌ አይሁን። ልጅ ሳፋው በወጣ ቁጥር ትምህርት እንደሚመጣበት ካወቀ ሳፋውን ይጠላዋል። በሳምንት አንዴ ይበቃል። ሌላውን ጊዜ እሱ ያለውን ሥሩ።

ለእንቁጣጣሽ ልጆቼ ራሳቸው ሥዕል እንዲያዘጋጁ እፈልጋለሁ። ምን ላቅርብላቸው?

ደስ ይለኛል! አበባና ፀሐይ ሥለው፣ ጎረቤት እያንኳኩ «እንቁጣጣሽ!» ብለው ሰጥተው ሳንቲም የሚቀበሉ ልጆች ዛሬም አሉ። ሥዕሉ በእጃቸው የተሠራ ሲሆን ሰጪውም ተቀባዩም ፊታቸው ይለያል።

ከተራ ወረቀት ወፈር ያለ ግዙ። ግራሙ 160 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በውሃ ቀለምም እንደ ተራው ወረቀት አይጨማደድም። ለሁለት ቁረጡት፣ ለልጅ እጅም ለጎረቤትም ይመቻል። ጳጉሜን እንደገባች ጀምሩ፤ በዋዜማው ሌሊት አርባ ሥዕል ማስጨረስ ልጁንም እናንተንም ያስለቅሳል። እኔ አንድ ዓመት አይቼዋለሁ። በቀን ስምንት ያህል ይበቃል። መጀመሪያ በክሬየን አበባውን ይሣሉ፣ ከዚያ በላዩ ላይ ቀጭን የውሃ ቀለም ይቀቡበት። ሰሙ ውሃውን ስለሚገፋው አበባው ደምቆ ይቀራል።

ቢጫውን ሁለት ግዙ። በአደይ አበባና በፀሐይ መሃል አንዱ ሦስተኛው ቀን ላይ ያልቃል።